ስሙን ተዉትና ጀርባውን አዙሩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ስፒከሮች በቤት ስቱዲዮ

ስለ ድሮ ስፒከሮች የሚደርሱን ጥያቄዎች ቢቆጠሩ አብዛኞቹ አንድ ናቸው። «አሮጌ ስፒከር አገኘሁ፣ ምንድነው? ለስቱዲዮ ይሆነኛል?» ተመሳሳዮቹን አዋህደን አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለስ ይዞት የመጣ ጥንድ ስፒከር እኛ ቤት አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ስም ተነቅሏል፣ የጀርባው ወረቀትም ተልጧል። ከባድ ነው። ምን እንደሆነ በምን ልወቅ? ቢት ስለምሠራ ልጠቀምበት አስቤ ነው። (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

ስሙ መጥፋቱ አያስጨንቅህ ወንድሜ። ፊት ላይ የሚለጠፈው ስም ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው፣ ውስጡን የሠራው ሌላ ሊሆን ይችላል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሳጥኑን ብቻ እየሠሩ ዉፈሩንና (ቤዝ የሚያወጣውን ትልቁን) ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣውን ትንሹን) ከሌላ ፋብሪካ የሚገዙ ድርጅቶች መዓት ነበሩ። ስለዚህ መልሱ ያለው ከውስጥ ነው። ካቻቢቴ አምጣ።

የፊቱን ጨርቅ በቀስታ አንሳው። ተጣብቆ እምቢ ካለህ አትታገለው፣ ከጀርባ የሚፈታ ክዳን እንዳለው እይ። ሳጥኑን በጀርባው አጋድመው፤ ቆሞ እያለ ቪቴውን ከፈታህ ዉፈሩ በራሱ ክብደት ወድቆ ፊቱ ላይ ያለው የሚርገበገበው ወረቀት ይቀደዳል። ሽቦ ከመንቀልህ በፊት የትኛው ቀለም የቱ ጋ እንደገባ በስልክህ ፎቶ አንሳ።

አሁን ዉፈሩን ገልብጠው። ማግኔቱ ላይ ወይም የብረት ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ የታተመ ቁጥር ፈልግ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረግ፣ አልኮልና ቤንዚን ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ኢአይኤ የሚባል የጋራ ኮድ ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ፋብሪካውን ይናገራሉ፣ የመጨረሻዎቹ ጊዜውን። 220 ጄንሰን ነው። 137 ሲቲኤስ፣ 328 ዩታ፣ 465 ኦክስፎርድ፣ 391 ደግሞ አልቴክ ላንሲንግ። እንግዲህ 1377421 የሚል ብታገኝ 137ቱ ሲቲኤስ ነው፣ 74ቱ ዓመቱ፣ 21ዱ ሳምንቱ። በ1974 በ21ኛው ሳምንት፣ በእኛ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ አጠር ብሎ 220547 ቢሆንስ? ጄንሰን፣ ዓመቱ በ5 የሚያልቅ፣ 47ኛው ሳምንት። 1955 ይሁን 1965 ኮዱ አይነግርህም፣ ከሌላው ነገር አያይዘህ ታውቀዋለህ። ሁለቱን ዉፈሮች አስተያይ ደግሞ። አንዱ የ1974፣ ሌላው የ1981 ከሆነ አንዱ ተቃጥሎ ተቀይሯል፣ ጥንድ ብሎ መሸጥም መግዛትም አይቻልም።

ማግኔቱ ራሱም ዕድሜ ይናገራል። ጠፍጣፋ ጥቁር ቀለበት ከሆነ ፌራይት ነው። አነስ ብሎ በብረት ቆብ የተሸፈነ ወይም ቁመቱ ረዘም ያለ ከሆነ አልኒኮ ሊሆን ይችላል። አልኒኮ ውስጥ ኮባልት አለ። በ1978 የያኔዋ ዛየር፣ የዛሬዋ ኮንጎ ውስጥ፣ ማዕድኑ በሚወጣበት የሻባ ክፍለ ሀገር ውጊያ ሲነሳ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ትልልቆቹ የስፒከር ሠሪዎችም እየተከታተሉ ወደ ፌራይት ዞሩ። ኮንጎ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ካሊፎርኒያ ያለውን የስፒከር ፋብሪካ ሥራ አስቀየረ ብልህ ማጋነን አይሆንም። ርካሽ ስፒከሮች ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብለውም ፌራይት ይጠቀሙ ስለነበር ይህ ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

የአጎትህ ዕቃ አውሮፓዊ ሆኖ ከተገኘ የኢአይኤ ኮድ ላይኖረው ይችላል። ፊሊፕስ የሠራቸው ለምሳሌ በኤዲ ይጀምራሉ። ኤዲ 0160/ቲ8 የሚል ካየህ ቲ ትዊተር ነው፣ 8 ኦሙ (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) ነው። በቲ ፈንታ ደብሊው ካለ ዉፈር ነው።

ሳትገጥመው ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ ለካው። ባለ 8 ኦም ዉፈር ከ5.5 እስከ 7 ያነብብሃል፣ ባለ 4 ኦም 3 እና ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ። ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ከዚያ ተራ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ውሰድና ለቅጽበት ብቻ ዉፈሩ ላይ ንካው፣ ትዊተሩ ላይ ግን አትሞክረው። ፖዘቲቩን ፖዘቲቩ ላይ ስትነካ ወረቀቱ ወደ ፊት መዝለል አለበት። የድሮ ጄቢኤል ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ቀዩ ላይ ፖዘቲቭ ሲነካ ወደ ውስጥ ይገባል። አልተበላሸም፣ አሠራራቸው እንዲያ ነበር። ዋናው ነገር ሁለቱ ሳጥኖች እኩል ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ቤዙ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ቢትህ ባዶ ይሆናል፣ አንተም ጥፋቱ የአንተ መስሎህ ቤዝ ስትጨምር ታድራለህ።

ለቢት ይሆናል ወይ ላልከው፣ ለሁለተኛ መፈተሻ አዎ። ዋና ስፒከርህ አድርገህ ግን ሥራህን ሁሉ እሱ ላይ አትመን።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነጭ ዉፈር ያላቸው ያማሃ ስፒከሮች አየሁ፣ የስቱዲዮ ፎቶ ላይ ሁሌ የማያቸውን ይመስላሉ። እውነተኞቹ መሆናቸውን በምን ልለይ? አዲስ አበባ ታናሽ ወንድሜ ቅንብር ይሠራል፣ ከአንድ የድሮ ሪሲቨር (ራዲዮ ያለው አምፕሊፋየር) ጋር ልልክለት ነበር። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ስቱዲዮ ፎቶ ላይ የምታያቸው ኤንኤስ-10 የሚባሉት ያማሃዎች ናቸው፣ ያየሽው እነሱን ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ነጭ ዉፈር ብቻ ግን አያሳምንሽ። ያማሃ ዛሬም ኤችኤስ የሚባሉትን ነጭ ዉፈር ያላቸው ስፒከሮች ይሸጣል፣ እነሱ ድምጹን የሚያጎላው አምፓቸው ውስጣቸው ነው፣ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካሉ። ኤንኤስ-10 የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ጀርባው ላይ ሁለት የስፒከር ሽቦ ማስገቢያ ብቻ ነው ያለው።

አኪራ ናካሙራ የተባለ የያማሃ መሐንዲስ በ1978 ሲያወጣው ለሳሎን ታስቦ ነበር። ለሳሎን ብዙም አልተወደደም። ስቱዲዮዎች ግን ያዙት። የመጀመሪያው ኤንኤስ-10ኤም ጽሑፉ የሚነበበው ሳጥኑ ሲቆም ነው፣ የፊት ጨርቅም አለው። በ1987 የመጣው «ስቱዲዮ» የሚል የተጨመረበት ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ነው ጽሑፉ የሚነበበው፣ ጨርቅም የለውም። ሳጥኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ካየሽ ተዪው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተለመዱት ዝግ ናቸው።

ከዚያ ስልክሽን አብርተሽ ነጩን ወረቀት ከቅርብ እዪው። ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ታያለሽ። የኤንኤስ-10 ዉፈር በቅርጽ ተጨምቆ የወጣ አይደለም፣ ጠፍጣፋ ወረቀት ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ በኮላ ተያይዞ ነው የተሠራው። መስመሩ ከሌለ ዉፈሩ ተቀይሯል ብለሽ ጠርጥሪ። ፀሐይ ያየው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ድምጹን አይጎዳም፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ሰበብ ነው። ያማሃ ማምረቱን በ2001 ያቆመው ለዚያ ወረቀት የሚሆነው የእንጨት ጥሬ ዕቃ ስለጠፋ ነው፣ ስለዚህ ዉፈሩ የተቀደደ ጥንድ በርካሽ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

አሁን ወንድምሽ ተሰክቶ ሲሰማው «ይሄ ነው እንዴ!» ቢልሽ አትደንግጪ። የሚያምር ድምጽ የለውም። ቤዙ ከ60 ኸርዝ (የድምጽ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) በታች የለም ማለት ይቻላል፣ መሃለኛው ድምጽ ደግሞ ወደ ፊት ይወጣል፣ የሰው ድምጽና ማሲንቆ ያለበት ቦታ ላይ ይጮኻል። የተወደደውም ለዚሁ ነው፤ ስህተት አይደብቅም። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2001 ከብዙ ስፒከሮች ጋር አወዳድረው ሲለኩት ሌላ ነገርም ታየ። ሳጥኑ ዝግ ስለሆነ ድምጹ ቶሎ ይነሳና ቶሎ ይቆማል። ቀዳዳ ባላቸው ሳጥኖች ውስጥ ቤዙ ከመጣ በኋላ ትንሽ ይንጠለጠላል፣ እዚህ ላይ አይንጠለጠልም። ለከበሮ ምት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትዊተሩ ላይ ሶፍት የተለጠፈበት ፎቶ አይተሽ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል ትዊተር ስለሚወጋ ነበር ባለሙያዎች ስስ ሶፍት የሚጋርዱበት፣ ወሬው ከሚክስ ባለሙያው ከቦብ ክሊርማውንቴን ስም ጋር ተያይዞ ነው የሚነሳው። «ስቱዲዮ» የሚለው ሞዴል ትዊተሩ ተለሳልሶ ስለወጣ ሶፍት አያስፈልገውም።

ስለ ሪሲቨሩ ደግሞ ስሚኝ፣ ይሄ ከስፒከሩ በላይ ያሳስበኛል። የአሜሪካ ሪሲቨር ባለ 120 ቮልት ነው። አዲስ አበባ 220 ላይ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት አበቃለት። ጀርባውን እዪ፣ አንዳንዱ የድሮ ሪሲቨር 120ና 220 የሚቀየርበት ማዞሪያ አለው። ከሌለው ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት እጥፍ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ቤት ያለው ስታብላይዘር ይበቃል ቢሉሽ አትስሚ፣ እሱ 220ን ያረጋጋል እንጂ ተራው ዓይነት ወደ 110 አያወርድም። እውነቱን ለመናገር ስፒከሩን ብቻ ላኪለት፣ አምፕ እዚያው ባለ 220 ይግዛ። ስትጭኚው ዉፈሩ ፊት ላይ ወፈር ያለ ካርቶን አስሪበት። ጨርቅ የሌለው ነጭ ወረቀት የአውሮፕላን ጭነት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ለሽፐርሙል (ሰው የማይፈልገውን ትልልቅ ዕቃ እንዲነሳ ደጅ የሚያወጣበት) ከወጣ ዕቃ መሃል ጥንድ ግሩንዲግ አነሳሁ። መሰኪያው ግን አንድ ጠፍጣፋ አንድ ክብ እግር ያለው ነው፣ አምፔ ላይ አይገባም። ሳጥኑ ላይ 40/60 ዋት ይላል፣ የቱን ልመን? (ከፍራንክፈርት)

ዲን የሚባለው የድሮ የጀርመን መሰኪያ ነው። ክቡ እግር ፖዘቲቭ፣ ጠፍጣፋው ኔጋቲቭ። ወደ ተራ ሽቦ የሚቀይር አዳፕተር እዚያው ርካሽ ነው፣ ወይም ሶኬቱን ቆርጠህ ሽቦውን ላጥ። ትንሹን ቁጥር እመን፣ 40ው ያለማቋረጥ የሚችለው ነው፣ 60ው ለአጭር ጊዜ ነው። የዚያ ዘመን የጀርመን ስፒከሮች ብዙዎቹ ባለ 4 ኦም ስለሆኑ አምፕህ 4 ኦም እንደሚችል ጀርባው ላይ አረጋግጥ። ካልቻለ ይሞቃል፣ ድምጽ ስትጨምር ይጠፋል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይቃጠላል። ደግሞ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው፣ ጎረቤት ሳይቀድምህ።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ የገዛሁት ስፒከር አለኝ። ለዓመታት ተሸፍኖ ተቀምጦ አሁን ስከፍተው ዉፈሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ስነካው እንደ በሶ ፈረሰ። ልጄ ለቀረጻ ሊጠቀምበት ፈልጓል። ሳልጠቀምበት እንዴት ተበላሸ? (ከባህር ዳር)

አባቴ፣ ስላልተጠቀሙበት አይደለም፣ ቢጠቀሙበትም ይፈርስ ነበር። ያ ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን የሚባል ነው፣ አየርና እርጥበት ይበሉታል፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ከቆየ ብዙ ነው። የተሸበሸበ ጨርቅ ወይም ጎማ ጠርዝ ያላቸው ዉፈሮች ግን ከዚያ እጅግ ይቆያሉ። ስለዚህ የድሮ ስፒከር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መንካት ያለበት ጠርዙን ነው፣ ስሙን አይደለም።

መልካሙ ዜና፣ ዉፈሩ አልሞተም። የጠርዝ ስፖንጅ ለብቻው ይሸጣል፣ የሚታዘዘው በዉፈሩ መጠን ነው፣ የወረቀቱንና የቅርጫቱን ዲያሜትር በሚሊሜትር ለክተው ይዘዙ። ልጅዎ አሮጌውን በጥንቃቄ ፍቆ፣ አዲሱን መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ፣ ከደረቀ በኋላ ቅርጫቱ ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛው ኮላ ሳይደርቅ ወረቀቱን በጣቶቹ ጫፍ ዙሪያውን እኩል እየተጫነ ወደ ታች ወደ ላይ ያድርገው። ከውስጥ «ክርክር» የሚል ድምጽ ከተሰማ ጥቅልሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ ሳይደርቅ ያስተካክለው። ሱፐር ግሉ አይጠቀም፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጠጋኞች በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ እንሥራልዎ ቢሉ እሺ አይበሉ። ድምጽ ያወጣል፣ ግን ወረቀቱ እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስ ቤዙ ይሞታል፣ ለቀረጻ መፈተሻም አይሆንም።

ሌላም የሚያረጅ ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ ቤዙንና ትሬብሉን የሚለየው ክሮስኦቨር ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከጊዜ ብዛት ይደክማሉ። አንዱ ስፒከር ከሌላው ደብዘዝ ካለ እነሱን ይቀይር፣ የሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው የምቀርጸው፣ ከበሮ፣ ማሲንቆና ድምጽ። የምሠራው ከአባቴ የወረስኳቸው ባለ 12 ኢንች ትልልቅ ስፒከሮች ላይ ነው። ቤት ውስጥ ከበሮው ደረት ይመታል። ስልክ ላይና ሚኒባስ ውስጥ ስሰማው ግን የለም! ስፒከሩ ነው ችግሩ? (ከአዲስ አበባ)

ስፒከሩ ትንሽ፣ ክፍሉ ብዙ። ክፍልሽ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው እንበል። በ4 ሜትሩ በኩል ወደ 43 ኸርዝ፣ በ3 ሜትሩ በኩል ወደ 57 ኸርዝ አካባቢ ድምጹ ግድግዳና ግድግዳ መሃል እየተመላለሰ ያብጣል። ከበሮው የሚያጉረመርመው እዚያው ሰፈር ነው። ስፒከሮቹ ጥግ ላይ ከተቀመጡ፣ መቼም ትልልቅ ስለሆኑ ጥግ ላይ እንደሆኑ እገምታለሁ፣ ጥጉ ደግሞ ቤዙን ይጨምርበታል። ስለዚህ ደረት የሚመታሽ ግማሹ ሚክሱ ሳይሆን ግድግዳው ነው። በቃ ብለሽ ትቀንሺዋለሽ፣ ሚኒባስ ውስጥ ግድግዳሽ የለም፣ ከበሮውም የለም።

ሁለተኛው፣ ባለ 12 ኢንች ባለ ሦስት ስፒከር ሳጥን አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ለመስማት አልተሠራም። ዉፈሩ፣ መሃለኛውና ትዊተሩ ድምጻቸው የሚዋሃደው ራቅ ሲባል ነው። ጠረጴዛ ላይ አፍጥጠሽበት ስትሠሪ ጭንቅላትሽን ትንሽ ዝቅ ባደረግሽ ቁጥር ሚክሱ ይቀየራል።

ስልኩ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ያቺ ትንሽ ስፒከር ከ200 ወይም ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም አታወጣም። እዚያ ላይ ከበሮ ማለት ጉርምርምታው ሳይሆን እጅ ቆዳውን ሲመታ የሚወጣው ጥፊው ነው። ስለዚህ ቤዝ መጨመር አይረዳሽም። ሲቀረጽ ጥፊው እንዲያዝ አንድ ማይክ ወደ ቆዳው አቅርቢ፣ በሚክስም ላይ ከፍ አድርጊው።

ለመፈተሻ የሚያስፈልግሽ የድሮ ነገር ከትልቁ ይልቅ ትንሹ ነው። ኦራቶን የምትባል ኩብ ስፒከር በስቱዲዮዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው፣ ውስጧ አንዲት ሙሉ ድምጽ የምታወጣ ባለ 4.5 ኢንች ስፒከር ብቻ ናት፣ ክሮስኦቨር የለም፣ ቤዝ የለም። እሷ ላይ ከተሰማ የትም ይሰማል ነው ነገሩ። ኦራቶን ፍለጋ ግን ገንዘብሽን አትጨርሺ። ምናለሽ ተራ ሄደሽ ከድሮ ራዲዮ ወይም ቴፕ የወጣ፣ ወረቀቱ ያልተቀደደ ከ4 እስከ 5 ኢንች ስፒከር ፈልጊ፣ አናጺ ከቺፑድ ዝግ ሳጥን ይሥራልሽ። አንድ ብቻ ይበቃል፣ ጥንድ አያስፈልግም። ሚክስሽን ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ) አድርገሽ በቀስታ ድምጽ ስሚበት። ማሲንቆው ዘፋኟን የሚሸፍንበት ቦታ ካለ ወዲያው ይታወቅሻል።

የአባትሽን ስፒከሮች አትሽጪ። አልጋውና ቁምሳጥኑ ባሉበት ተቃራኒ ግድግዳ በኩል አድርጊያቸው፣ ከጥግ ግማሽ ሜትር ያህል አውጥተሽ። ሥራ ስትጨርሺ ሳሎን ውስጥ እንዳለ ሰው ራቅ ብለሽ ስሚባቸው። ዋና ሥራሽን ደግሞ ትንንሽ ሞኒተሮች (የስቱዲዮ ስፒከሮች) ላይ ሥሪ፣ ትዊተሩ ከጆሮሽ እኩል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀትና ከእነሱ እስከ አንቺ ያለው እኩል ሆኖ። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቤዝ ላይ ምንም አይሠራም። ወፍራም ፍራሽ ጥግ ላይ ማቆም ከእሱ ይሻላል።

ኢንተርፌስሽ (ማይክንና ስፒከርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ) አራት መውጫ ካለው 1ና 2ን ለሞኒተሮቹ፣ 3ን ለትንሿ ሞኖ ሳጥን አምፕ ስጪ። ሁለት መውጫ ብቻ ካለው መሃል ላይ መቀያየሪያ ማዞሪያ አስገቢ። መቀያየሪያው ከአምፑ በፊት፣ በሲግናል መስመሩ ላይ ይሁን፣ ከአምፑ በኋላ የስፒከር ሽቦ ላይ አድርገሽው ገመዶቹ ከተነካኩ አምፑ ይቃጠላል። ስትቀያይሪም የሁሉም ድምጽ በጆሮሽ እኩል እንዲሆን አስተካክይ፤ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።